የአባባ ካልሲዎች

እታለም፣

ጠዋት ተረኛ ስለሆንኩ ሳትነቂ ወጣሁ።

ወፍ እንዳይበላብን የጓሮው በቆሎ ላይ ያሰርኳቸውን የአባባን ካልሲዎች ፈትተሽ፣ አጥበሽ፣ አጥፈሽ መሳቢያው ውስጥ መልሰሻቸዋል። ጎረቤት ምን ይለናል ብለሽ ይሆናል። አባባ ታሞ ሳይተኛ በእጁ ከዘራው በቆሎ ወፎቹ በአንድ ቀን ሰባት እሸት ጨረሱ።

አሁን እሸቶቹን መልሼ ካልሲ አልብሼያቸዋለሁ። እባክሽ አትንኪያቸው።

የተረፉት ካልሲዎች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። የቀሩት እሸቶች ጸጉራቸው ሲደርቅ አልብሰሽ በክር እሰሪያቸው፤ ከዚያ በፊት ከተሸፈኑ ፍሬ አይዙም። ጃርቱ የሚገባበትን የአጥር ቀዳዳም ሳይመሽ በድንጋይ ድፈኚው።

ሳላማክርሽ መሳቢያውን መክፈት አልነበረብኝም። እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን በሕይወት እያለ አንድ ቀን እንኳን ያላጠብሽለትን ካልሲ አሁን ማጠብሽ አንጀቴን አሳረረው።

አንቺ የላክሽለትን የሱፍ ካልሲ አልነካሁትም። እንደታሸገ ከነላስቲኩ መሳቢያው ውስጥ አለ። እግሩ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አይቼ «ላድርግልህ?» ስለው፣ «ተዪው፣ እሷ ስትመጣ አደርገዋለሁ» ይለኝ ነበር።