ደህና ነህ አትበለኝ

ውድ ወንድምጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ከልቤ ነው፤ የቀረውን ግን ተናድጄ ነው የምጽፈው። ከተኮራረፍን አምስት ወር ሆነን። እማዬ በመካከላችን ቆማ መልእክት ስታመላልስ ደከመች። ስልክ ስደውል ጆሮዬ ላይ ትዘጋብኛለህ፤ ወረቀት ግን ቀደህ ብትጥለው እንኳ አንድ ሁለት መስመር ዓይንህ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

«ስሜን አጠፋው፣ በሰው ፊት አዋረደኝ» ማለትህን ሰምቻለሁ። እሺ። አሁን ደግሞ የኔን ስማ።

በባለ ስምንት ፎቁ ሕንጻ የአራተኛው ፎቅ የሊፍት በር አልዘጋ ብሎ ሲያስቸግር እኔንና አብሮኝ የሚጠግነውን ዝምታን ላክኸን። እኔ በሩን ልፈትሽ ብዬ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን ሊፍቱ እንዲሄድ የምታደርገውን አጭር ሽቦ ሰካሁ። ያቺን ሽቦ የሰካ ሰው ከበሩ ፊት አንድ እርምጃ እንደማይርቅ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሥራ ባስገባኸኝ በመጀመሪያው ቀን፣ ከሁሉም በፊት እሷን ነው የነገርከኝ። ያን ረፋድ ግን እጄ መፍቻ አልይዝ ብሎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ያለችውን ኮዳ ፍለጋ ወደ ደረጃው ወረድኩ። ኮዳዋ ውስጥ ውሃ አልነበረም።

ከላይ አንድ ሰው ሊፍቱን ጠራው። በሩ እንደተበረገደ ሊፍቱ ሄደ። እዚያው አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ አንድ ጥቅል ጨርቅ አቅፋ ከቤቷ ወጣች። ጥቅሉ አገጯ ድረስ ስለደረሰ እግሯን አታይም። የተከፈተ በር አየች፣ ልትገባ እግሯን አነሳች። ዝምታ ከዕቃ ሳጥኑ ላይ ቀና ሲል አያት፤ የቀሚሷን ጀርባ ጨምድዶ ወደ ኋላ ወረወራት። ጨርቁ ግን በባዶው የሊፍት ጉድጓድ ወረደ።

እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ከታች ድፍን ያለ ድምፅ ሰማሁ። እሷ ናት ብዬ ነበር፣ ወንድምጋሼ። ሮጬ ወጥቼ መሬት ላይ ተቀምጣ እስካያት ድረስ፣ አሥር ደረጃ ቢሆን ነው፣ ሰው ገድዬ ነበር።

ተደወለልህና መጣህ። መጀመሪያ ሽቦዋን ነቅለህ ኪስህ ከተትካት። ቀጥለህ አፌን አሸተትክ። ከዚያ ከደረት ኪስህ ሚንት ከረሜላ አውጥተህ አጎረስከኝ። ያን ጊዜ አላሰብኩትም፤ ከሳምንታት በኋላ ነው ብልጭ ያለልኝ። አንተ'ኮ ከረሜላ አትበላም! ለእኔ ነበር ይዘኸው የምትዞረው። ሁሉንም ታውቅ ነበር።

የጥገናው ወረቀት ላይ በዚያ ባማረ እጅ ጽሕፈትህ «የበሩ ስፕሪንግ በእርጅና ተሰብሮ» ብለህ ጻፍክና ፈረምክ። ዝምታን «ያየኸው ነገር የለም፣ የልጆች አባት ነህ» አልከው። ልብስ ሰፊዋን «የዕቃ ብልሽት ነው እህቴ፣ ይቅርታ» ስትላት እጅህን በሁለት እጇ ይዛ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ቶሎ ደረሳችሁልኝ» አለችህ። አንተም «ምንም አይደል» አልካት። ምንም አይደል! እስካሁን እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

መኪና ውስጥ የተባባልነውን እማዬ አታውቅም። አንተም የረሳኸው ስለሚመስለኝ ላስታውስህ።

«ወንድምጋሼ፣ ታምሜያለሁ» አልኩህ። «ጠዋት ካልቀመስኩ እጄ አይታዘዝልኝም። ልተው ብዬ መተው አቃተኝ። ሐኪም ጋ ውሰደኝ።»

ይህን ለማለት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ታውቃለህ?

«ደህና ነህ» አልከኝ፣ ዓይንህን ከመንገዱ ሳታነሳ። «ደንግጠህ ነው።»

«አይደለም። ጠጪ ሆኛለሁ።»

«አፍህን ያዝ! ጠጪ ማለት ቦይ ውስጥ የሚያድረው ነው። አንተ ሥራ አለህ፣ ቤት አለህ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ትለብሳለህ። ትንሽ ቀንስ፣ አለቀ።»

«መቀነስ ብችልማ...»

«እማዬ ደም ግፊት አለባት። ልትገድላት ከፈለግክ ሂድና ንገራት!»

ንጹሑን ሸሚዝ የምታጥብልኝ ያንተ ሚስት አይደለችም እንዴ? ለድርጅቱ ባለቤትስ በየሰኞው እየደወልክ «ሆዱን አሞት ነው» የምትልልኝ አንተ አይደለህም? እኔን ሰው ያስመሰልከኝ አንተ ነህ፤ ከዚያ ያስመሰልከውን ራስህ አመንከው።

እኔ ሞኙ ደግሞ ሰማሁህ። በራሴ ልተው ብዬ አንተ ቤት፣ ከዕቃ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍል ተዘጋሁ። በሁለተኛው ቀን ላብ አጠመቀኝ፣ መላ ሰውነቴ ይንዘፈዘፋል፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ሲራመድ ይታየኛል። «ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» እያልኩ በሩን ደበደብኩ። ከፍተህ ገባህ። ልትወስደኝ የመጣህ መስሎኝ ደስ አለኝ። በእጅህ ብርጭቆ ይዘሃል።

«ይቺን ብቻ። ያረጋጋሃል። ጎረቤት እየሰማ ነው።»

ጠጣሁት። አረጋጋኝም። በሕይወቴ ከጠጣሁት ሁሉ የጠላሁት እሱን ነው።

በማግስቱ ዝምታ ቤት ሄጄ «አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አልኩት። ወዴት ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ኮቱን አነሳ። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «እኔም ዝም ማለት አልነበረብኝም።» እንደ ስሙ ሆኖ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ንግግር ነው።

የሄድንበት ሕክምና ቤት አንተ «የእብዶች ቤት» የምትለው ነው። ሄደህ ብታየው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነው ያለው። አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ውርርድ ይዞት ትዳሩን የበተነ ሹፌር። ነርሷ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ጠየቀችኝ። ጠዋት ከምግብ በፊት ትጠጣለህ? ትደብቃለህ? ልተው ብለህ ስንቴ ሞከርክ? ስታቆም ምን ሆንክ? የመጨረሻውን ስነግራት ተቆጣች። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በራሱ ድንገት ቢያቆም ሊሞት ይችላል፤ በሐኪም ክትትልና በመድኃኒት ነው የሚተወው አለችኝ። ያቺ ክፍል ውስጥ ልሞትብህ እችል ነበር፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ተብሎ።

«ቤተሰብ ያውቃል?» አለችኝ።

«ወንድሜ ያውቃል።»

«ምን አለህ?»

«ደህና ነህ አለኝ።»

መጻፏን አቆመች። ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። አለቀስኩ።

ለምን እንዲህ እንደሆንክ አይገባኝም እንዳትል። ይገባኛል። አንተ አሥራ አምስት፣ እኔ ሰባት ዓመቴ እያለ አባባ ሰክሮ ያቆሸሸውን ደጃፍ ጎረቤት ሳይነቃ ስታጥብ በመስኮት አይቼሃለሁ። ሲሞት «ልቡ ነው» አልክ። እማዬም «ልቡ ነው» አለች። እኔም ትምህርት ቤት ሄጄ «ልቡ ነው» አልኩ። ልጅ ነበርክ፤ ባንተ ላይ የተጫነው ለልጅ የሚጫን አልነበረም፣ ለእሱ አልፈርድብህም። አሁን ግን አርባ አራት ዓመትህ ነው! እኔንም «ልቡ ነው» ብለህ ልትቀብረኝ ነበር?

ተኝቼ ታከምኩ። ስወጣ መጀመሪያ የሄድኩት ልብስ ሰፊዋ ጋ ነው። እየሰፋች አገኘኋትና ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽቦውን፣ ኮዳውን፣ የፈረምከውን። የስፌት መኪናዋ ቆመ። «ወንድምህን'ኮ አመሰገንኩት» አለች። ቀጥላም «ሂድ ከፊቴ» አለችኝ። ይቅርታ አላደረገችልኝም። እስከ ዛሬም አላደረገችም፤ አልጠይቃትም።

ከዚያ ለድርጅቱ ባለቤት ነገርኩት። አንተን ልበቀል አይደለም። ያንተ ፊርማ ያለበት ወረቀት በየሕንጻው ተለጥፏል፤ ሰው እሱን አይቶ ነው ልጁን ይዞ ሊፍት የሚገባው። እኔን ከሊፍት ሥራ አግዶ መጋዘን አስገባኝ። አንተን ደግሞ ከኃላፊነት አነሳህ። ይህ እንደጎዳህ አውቃለሁ። ያን ቀን ደውለህ ያልከኝንም አልደግመውም፣ እማዬ ይህን ደብዳቤ ታነበው ይሆናል።

የኔንም ጉድ ልንገርህ፣ ሁሉም ያንተ ጥፋት እንዳይመስል። እማዬ ቤት የተገናኘን ጊዜ፣ ስገባ ምግብህን ትተህ የወጣህ ቀን፣ ከዚያ ወጥቼ ጠጣሁ። ሁለት ቀን ጠጣሁ። በአንተ አላላክክም፤ ብርጭቆውን ያነሳው የኔ እጅ ነው። በሦስተኛው ቀን አፍሬ፣ ሸሚዜም ሳይታጠብ፣ ነርሷ ጋ ተመለስኩ። «እንኳን መጣህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዘጠና ስድስት ቀን ሆነኝ። ዝምታ በየማለዳው ይደውላል፤ «አለህ?» ይላል፣ «አለሁ» እላለሁ፣ ይዘጋል።

እማዬም አልሞተችም። እኔው ራሴ ነገርኳት። ቀሚሷን እያፍተለተለች «አባትህንስ ማሳከም ይቻል ነበር?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩን አታውቅም ነበር። ማንም አልነገራትም።

እንግዲህ የጻፍኩልህ ለዚህ ነው። ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሕክምና ቤቱ የቤተሰብ ቀን አለ። የሌላው ሰው እህት ትመጣለች፣ ሚስት ትመጣለች፣ የሹፌሩ አማት እንኳ ትመጣለች፣ ስትራገምም ታመሻለች። እኔ ጎን ማንም የለም። ልታረቅህ አይደለም የምጠራህ፤ ገና አልበረደልኝም፣ አንተም አልበረደልህም። ግን ና። ከረሜላ አትያዝ፣ በጓሮ በርም አትምጣ። በዋናው በር ግባ። ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው?» ሲልህ «ወንድሜን ነው፤ ታሞ እየታከመ ነው» በል፣ ድምፅህን ሳትቀንስ። ይህችን አንዴ ከአፍህ ልስማት። የቀረውን ቁጭ ብለን እንጣላለን።

በር ላይ እጠብቅሃለሁ።

እስካሁን የተቆጣብህ፣
ታናሽ ወንድምህ