መነኩሴ አልነበረም

ሰቃ፣ ኅዳር 12 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሃንነሽ፣

የሌኒንግራድ ብርድ እንዴት ያደርግሻል? እናትሽ እታገኝ ደህና ናት። እዚህ ያለ ወቅቱ እየዘነበ፣ የተሰጣው ቡና ሁሉ ሻግቷል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «አባባ፣ ከጅማ የመጣ ተማሪ የነገረኝ እውነት ከሆነ አፍሬብዎታለሁ» ብለሻል። እውነት ነው።

ግንቦት ላይ ዘጠነኛ ክፍልን ስለ ዘር ውርስ ሳስተምር፣ ሕጉን ያገኘው በገዳሙ ጓሮ አተር ይዘራ የነበረ መነኩሴ መሆኑን ነገርኳቸው። ቤተ ክርስቲያን «ምድር ትዞራለች» ያለውን ሊቅ ከስሳ እንደፈረደችበትም አልደበቅኩም። ሁለቱም ታሪክ ነው፤ አንቺንም ያስተማርኩሽ እንደዚያው ነው። በማግስቱ የቀበሌው ካድሬ፣ «ሳይንስን ከጸሎት ጋር ትቀላቅላለህ» ብሎ አሰረኝ።

ሦስት ወር ቆየሁ። ዱላውን ለምጄው ነበር። አንድ ቀን ካድሬው ያንቺን ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የምትኖሪበትን ክፍል ቁጥር ሳይቀር ያውቃል። «ጎበዝ ተማሪ ናት አሉ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። እኔም በዚያው ሰሞን ደከመኝና ያሉኝን እሺ አልኩ።

ትምህርት ሲከፈት ተማሪዎቼ ፊት አቁመው ግለ ሂስ አስነበቡኝ። ሰውየው መነኩሴ አልነበረም፣ ሃይማኖትና ሳይንስ አንድ ቤት ውለው አያውቁም አልኩ። ከፊት የተቀመጠች ፈድሊያ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ታዲያ ያኔ ዋሽተውን ነበር?»

«አዎ» አልኳት።

ደብተሯን ገልጣ የጻፈችውን በማስመሪያ ሰረዘችው። ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ ሐኪም እሆናለሁ ትል ነበር።

ከዚያም ከማስተማር አንስተው እዚህ ሰቃ የቡና መጋዘን ጥበቃ መደቡኝ። የሒሳብ መምህሩ ሸምሰዲን አልፎ አልፎ ከጅማ እየመጣ ይጠይቀኛል። «ኦብሲ፣ ታገስ ወንድሜ፤ አላህ የልብን ያውቃል» ይለኛል። እሱስ ያውቃል፤ ፈድሊያ ግን አታውቅም። እናትሽ እሑድ እሑድ ብቻዋን ታስቀድሳለች። እኔ ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ እግሬ አልሄድ ይለኛል።

ይህን ያመጣልሽ ሰው የታመነ ነው፤ አንብበሽ አቃጥዪው። ፈተናሽን ተፈተኚ። ስትጨርሺ እኛን ብለሽ ለመመለስ አትቸኩይ። እናትሽ ብትጽፍልሽም አትምጪ።

የአባቶቼ አምላክ ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽ ይከተል፤ የሰው ፊት አያሳይሽ። እናትሽ ጉንጭሽን ስማለች።

መልስ አትጻፊልኝ።

አባትሽ ወልደሰማያት