ሟቹ ባለቤቴ በየሰኞው ስለሚጽፍበት ብሎግ

ለተከበሩ የመድን ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ፤ በእርስዎ ድርጅት ዘንድ መታመም ይቅርና መሞት እንኳ ከሥራ እንደማያሳርፍ በገዛ ቤቴ አይቻለሁና።

እኔ የመስታወት ቆራጩ ሚስት ነኝ። ባለቤቴን ሳያውቁት አይቀሩም፤ በድርጅትዎ ብሎግ ላይ በየሰኞው ጠዋት ስለ ሱቁ፣ ስለ ቤቱና መድን መግባት ስለሚሰጠው የልብ ዕረፍት የሚያጫውተው ፈገግተኛ ደንበኛ እርሱ ነው። ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። ልቡ በድንገት ቆሞ፣ የለካውን መስታወት ሳይቆርጥ፣ ሱቁ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። የሕይወት መድኑን የሚመለከተው ክፍላችሁ ማስረጃዬን ተቀብሎ፣ የሐዘን መግለጫ ጽፎ፣ የሚገባንን ሳያጓድል ከፍሎናል፤ ስለዚህ ቅሬታዬ የገንዘብ አይደለም። ቅሬታዬ አንደኛው ፎቅ ያለው ይኸው ክፍል ሞቱን መዝግቦ ሲያበቃ ሁለተኛው ፎቅ ያለው የማስታወቂያ ክፍል በሕይወት ስለሚያኖረው ነው።

አንደኛ፦ ባለቤቴ ከተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጥታ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ «እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም፣ ግን ጽፏል» አለችኝ። ተቀብዬ አነበብኩት። «ዛሬም ዳኛዬ ቁርስ ሳልበላ ወጣህ ብላ ተቆጣችኝ» ይላል። ዳኛዬ የሚለኝ እርሱ ብቻ ነበር፤ ያውም በር ዘግተን፣ ሰው በሌለበት። ክቡር ሆይ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ በመጣ ቁጥር ያንን ገጽ እከፍተዋለሁ። ሱቁ ተዘግቶ ሳለ ደንበኛ ያስተናግዳል፤ ጥርሱ ያመዋል፤ ጥርሱ ይሻለዋል። አንድ ጊዜ «ሚስቴ አዲስ መጋረጃ ሰቀለች» ብሎ ጻፈ። መጋረጃውን የሰቀልኩት ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነበር። ስለዚህ ተአምር ላመሰግናችሁ ይገባኛል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቴ ልብስ ስቀይር መብራት አጠፋለሁ።

ሁለተኛ፦ ነገሩን ላጣራ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤታችሁ ብመጣ፣ ጽሑፉን የምታዘጋጀውን ልጅ አገናኙኝ። ገና ወጣት ናት። «እትዬ፣ መሞቱን ማንም አልነገረኝም» አለችኝ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሱቁ ድረስ ሄዳ ሦስት ሰዓት ሙሉ ድምፁን ቀድታው ኖሯል፤ ያ ዝምተኛ ሰው ለእኔ በዓመት የማያወራውን ለእርሷ በአንድ ከሰዓት ዘክዝኮታል። የመጋረጃውም ነገር ያኔ ልገዛው ነው እያልኩ ስነዘንዘው ሰምቶ የነገራት ነው። እፎይ ልል ስል «ገና ግማሹን አልጨረስኩትም» ብላ አለቀሰች። አለቃዋ ግን አላለቀሱም። በጣም በትሕትና አስቀምጠውኝ፣ ዓምዱ ከሁሉ የበለጠ አንባቢ ያለው መሆኑን፣ ባለቤቴም ለአንድ ዓመት መፍቀዱን በፊርማው አሳይተው፣ «ውሉ ገና አምስት ወር ይቀረዋል» አሉኝ። ሞት ግን ውሉ እስኪያልቅ ጊዜ ሳይሰጠው እንደወሰደው ስነግራቸው አንገታቸውን በሐዘኔታ ነቀነቁ።

ሦስተኛው ቅሬታዬ የአማቴ ነው፤ እርሳቸው መጻፍ ስለማይችሉ እኔ እጽፍላቸዋለሁ።

አማቴ ልጃቸው በተቀበረበት ቀን ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። መርዶውን ብናረዳቸውም አላመኑም፤ ኋላ ልጄ ሄዳ የሰኞውን ጽሑፍ እንድታነብላቸው አደረጉ። እንዳታነብ ብከለክላት «አያቴ ካላነበብሽልኝ አትምጪ ብላኛለች» አለችኝ። ጥቁር ልብስ ይዤላቸው ብሄድ «የሞተ ሰው ጥርሱን አያመውም፤ ውሰጂልኝ» ብለው መለሱኝ። ከዚያም ባለቤቴ «ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ» ብሎ ጻፈ። አማቴ ያን ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ጠብቀዋል። ሲቀርባቸው ለልጅ ልጃቸው እየነገሩ ከጽሑፉ ሥር አስተያየት አስጻፉ፦ «ልጄ፣ መጣሁ ብለሃል፤ እኔ ግን አላየሁህም። የማን ቤት ገባህ?» ድርጅታችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መለሰላቸው፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ለበለጠ መረጃ በአቅራቢያዎ የሚገኘውን ቅርንጫፋችንን ይጎብኙ።»

ጎበኙ። በማግሥቱ ለማንም ሳይነግሩ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ። የቅርንጫፉ በር እንደተከፈተም ልጃቸውን አገኙት፤ በቁመቱ ልክ ከካርቶን ተሠርቶ፣ እጁን ዘርግቶ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ዓይናቸው ደካማ ነው። የጥበቃ ሠራተኛው አዝኖ የራሱን ወንበር ሰጣቸው። ስልክ ደውሎልኝ ስደርስ «እህቴ፣ እማማ ከጠዋት ጀምረው ከእርሱ ጋር እያወሩ ነው፤ ማስነሣት ከበደኝ» አለኝ። ስቀርብ «ለምን ከሳህ? ለምን ዝም ትለኛለህ?» እያሉ ክንዱን ይዳብሱ ነበር። ከዚያ ጣቶቹ ላይ ደረሱ። ባለቤቴ ሥራ ሲለማመድ የግራ ሌባ ጣቱን ጫፍ መስታወት ወስዶበት፣ ያን ቁስል ያሰሩለት እርሳቸው ናቸው። ፎቶውን ያሳመረው ባለሙያችሁ ግን ጣቱን በደግነቱ ሞልቶታል። አማቴ የጣቱን ጫፍ አንድ ጊዜ ዳበሱ፣ ደግመው ዳበሱ፤ ቀና ብለው አዩኝና «የኔ ልጅ አይደለም» አሉ። ቀጥለውም በጣም በቀስታ «ሞቷል ለካ» አሉ።

የሰባት ወሩን ልቅሶ እዚያው፣ በሚያብለጨልጨው ወለላችሁ ላይ፣ ቁጥር ይዘው ተራ በሚጠብቁ ሰዎች ፊት አለቀሱት። ዛሬ ጥቁር ለብሰዋል። ይተኛሉም። እኔ ግን አልተኛሁም።

ልመናዬ አጭር ነው፤ ዓምዱን ዝጉ፣ ሰውየውንም ከበሩ ላይ አንሡ። የተቀዳውን ድምፅ ደግሞ ለእኔ ስጡኝ። ልጅቷ በመካከሉ ደጋግሞ እንደሚስቅ ነግራኛለች። ለገበያ የሚረባችሁን ሁሉ ወስዳችሁ የጨረሳችሁ ዕለት፣ ሳቁን ብቻ ብትተዉልኝ አልከፋም።

በሞትም ከደንበኞቹ ለማይለየው ድርጅትዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ ዕድሜዎ ከውልዎ እንዲረዝም እመኛለሁ።

የመስታወት ቆራጩ ሚስት

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው የዛሬው ሰኞ ጽሑፍ ወጣ። «እናቴ ቅርንጫፋችን ድረስ መጥታ ጎበኘችኝ» ይላል። ከሥሩ አማቴ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ የተነሣ ፎቶ አለ፤ መግለጫው «የደስታ እንባ» ነው። እርሳቸው ስለማያነቡ አልነገርኳቸውም። እናንተ ግን ማንበብ ትችላላችሁና የሞት የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ለሁለተኛ ጊዜ አያይዣለሁ፤ የአሁኑ ግን ለሁለተኛው ፎቅ ይድረስልኝ።