አራት ምን ይመስላል?

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ከቀኑ 11 ሰ.

ዛሬም የፎቶ ውድድር ዳኝነት ላይ ዋልኩ፣ ማስታወሻዬ። የት/ቤቱ አዳራሽ ምድጃ ነው። የሸዋ ሮቢት ግንቦት። ቬንቲሌተሩ የሞቀ አየር ይገፋል። ፎቶ ይመጣል፣ ሦስታችንም ነጥብ እንጽፋለን፣ ያልፋል። የአንሺው ስም የለ፣ ወሬ የለ። ከምሳ በኋላ ሁሉም አንድ ሆነብኝ። ማንጎ ዛፍ ሥር የተቀመጡ እናት፣ ፊታቸው የጨለመ። ከአስር አራት ሰጠሁ። ቀጣይ። ዓይኔ ይቃጠላል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ስቱዲዮ። የመታወቂያ ፎቶ እየቆረጥኩ አንድ አዛውንት ገቡ። ጋሼ ሰይድ ይባላሉ፣ የጀውሃ ሰው፣ የቀድሞ የጭነት መኪና ሹፌር። የማንጎው ዛፍ ፎቶ የእሳቸው ነው፤ ነጥቡን ከነዳኛው ስም ተለጥፎ አይተው ነው የመጡት። ሊጣሉኝ መስሎኝ ገና ሳይናገሩ ደከመኝ።

አልተጣሉም። እናቲቱ ባለቤታቸው ናቸው፣ እትዬ ዘሃራ። ስኳር ዓይናቸውን ወስዶታል። ጋሼ ሰይድ ሁሌ አምሮብሻል ስለሚሏቸው እትዬ ዘሃራ ማመን ትተዋል። የማያውቀኝ ሰው አይቶ ይፍረድ ብለው ነው ለውድድር ያስላኩት።

«አራት ሰጡሽ አልኳት። አራት ምን ይመስላል አለችኝ። ምን ልበላት፣ ልጄ?»

ፎቶውን ኮምፒውተሬ ላይ በትልቁ ከፍቼ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከኋላ ያለው ሰማይ በርቶ ፊታቸውን አጥፍቶታል አልኳቸው። ዓይን ቀድሞ የሚሄደው ገመድ ላይ ወደተሰጣው አንሶላ ነው። ጠዋት፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃን አዙረው ያንሷቸው። እየደጋገሙ አስነገሩኝ፤ ለእትዬ ዘሃራ ሊያደርሱ ነው። ደንበኛ መጥቶ ጠብቆ ሄደ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ጋሼ ሰይድ አዲስ ፎቶ ይዘው መጡ። ብርሃኑ ደህና። እትዬ ዘሃራ ግን ለፓስፖርት እንደሚነሳ ሰው ደርቀዋል። ይኼኛው ይብሳል አልኩ። ከፋቸው። ቆይተው፣ እሷም «ስታነሳኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር» ብላኛለች አሉ። ያለፈውን ምክሬን ግማሹን መንገድ ላይ ረስተውት ነው የደረሱት። እትዬ ዘሃራ ተቆጥተዋቸዋል።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

የውድድሩ ሰዎች ደወሉ። የመጨረሻው ዙር ቅዳሜ ደብረ ሲና። ቀዝቀዝ ይልልሻል አሉኝ። አልመጣም አልኩ። ደነገጡ። ዳኝነቱ ክፉ ሆኖብኝ አይደለም፤ መቼም አንድ ሰው መምረጥ አለበት። ደክሞኛል።

ቅዳሜ ስቱዲዮውን ዘግቼ ጀውሃ እወርዳለሁ። ካሜራ አልይዝም። ሁለቱንም ፎቶ ለእትዬ ዘሃራ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ጋሼ ሰይድን ትንሽ ወጣ ይበሉልን እላለሁ። ባለቤታቸው ባሉበት እትዬ ዘሃራ ስለ መልካቸው ደፍረው አይጠይቁኝም። ከጠየቁኝ ግን፣ አላባብልም፣ ቀስ ብዬ ከግንባራቸው ጀምሬ ያየሁትን ሁሉ እነግራቸዋለሁ።