በልኩ የተቆረጠ ብርድ ልብስ

ጥቅምት 9
ዛሬም ጋራዥ የለም። ጡረታ ማለት እንዲህ ነው ለካ... ጠዋት ተነስቶ የሚሄዱበት ማጣት። ባለቤቴ መስኮቱ ሥር የፍላኔል ቁርጥራጮቿን ዘርግታለች። እነሱን ገጣጥማ ብርድ ልብስ ልትሰፋ ካሰበች ቆይታለች። መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ሞከረች፣ ሞከረች፣ ከዚያ መርፌውን ወደ እኔ ዘረጋች። አስገባሁላት።

ጥቅምት 14
ሐኪም ቤት ዋልን። ግራ ዓይኗ ሥራ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። አሁን የቀኙ ኦፕራሲዮን ይደረግ ተባለ። ታያለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ዶክተሩ "እንሞክራለን" አለ። የማይነሳ ሞተር ሲያመጡብኝ እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ጥቅምት 15
ብርድ ልብሱን አንተ ስፋው አለችኝ። ሐኪም ቤት ስትተኛ እንዳይበርዳት ነው ምክንያቷ። እኔ? ዕድሜ ልኬን ፍሬን ስጠግን የኖርኩት? ቦልት ያጠበቀ እጅ መርፌ አያቅተውም ብላ ዘጋችው። እሷ ከዘጋች ተዘጋ ነው።

ጥቅምት 18
ካሬዎቹን ቆረጥኩ። ሃያ ሳንቲ ብላኛለች፣ በብረት ማስመሪያ ሃያ ሳንቲ አደረግኩት። ግምት አልወድም። አንዱን ባንዱ ላይ ብትደርበው ጠርዝ ለጠርዝ ግጥም ይላል። ኮራሁ።

ጥቅምት 21
ካሬዎቹን በስፌት መኪና ገጣጠምኳቸው። አጠረ። ብለብሰው እግሬ ከጉልበት በታች ውጭ ነው። ደግሜ ለካሁ። ማስመሪያውንም ጠረጠርኩ። እሷ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችና ገባት... ለስፌቱ የሚታጠፍ ጠርዝ አልተውኩም። እያንዳንዱ ካሬ በአራቱም በኩል ተበልቷል። ጋራዥ ውስጥ ትርፍ የሚተው ይባረራል፤ እዚህ ደግሞ የማይተው።

ጨርቅ እኮ ብረት አይደለም ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ? ዙሪያውን ሌላ ረድፍ ጨምርበት አለች።

ጥቅምት 23
የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ፍላኔል ብናኙ አያድርስ ነው፣ ሆዱን ሞልቶታል። ፈታሁት፣ ጠረግኩት፣ ዘይት ሰጥቼ ገጠምኩት። አንድ ብሎን ተረፈ። ግን ይሠራል። ብሎኗን ኪሴ ከተትኳት። ሆድ ይፍጀው።

ጥቅምት 27
ኦፕራሲዮኑ ተደረገ። ዓይኗ ታሽጓል። ትልቋ ልጃችን መጥታ ታለቅሳለች። ተይ አልኳት። ቤት ገብቼ ሰፋሁ።

ጥቅምት 29
ጥጡን አስገብቼ፣ ጀርባውን ገጥሜ ጨረስኩ። ወሰድኩላት። እያንዳንዱን ስፌት በጣቷ ሄደችበት። ቀጥ ያለ ነው አለች። ደስ አለኝ። ከዚያ ጠርዙን እንደያዘች፣

"ካላየሁስ?" አለችኝ።

አይዞሽ፣ እኔ አለሁ ማለት ነበረብኝ። ነገ ይታወቃል አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ፈርቼ ነው እንጂ... በጣም ፈርቻለሁ።

ጥቅምት 30
ዶክተሩ ፋሻውን ፈታ። ዓይኗን ገለጠች። ወደ እኔ አላየችም። ወደ ልጇም አላየችም። አንገቷን ጭኗ ላይ ባለው ብርድ ልብስ ላይ ደፋች። ልጄ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ። ዶክተሩ ይህ ስንት ነው ሊላት ጣቶቹን አነሳ። እሷ ግን እሱን ከቁብም አልቆጠረችው።

"ሰውዬ፣ ሰማያዊ ጨርቅ በአረንጓዴ ክር ነው እንዴ የሰፋኸው?"

ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ይየኝ።

ኅዳር 3
የስፌት መኪናው ላይ ያገኘሁትን ክር ነበር የተጠቀምኩት። ክር ክር ነው ብዬ። አይደለም አሉ። ሁሉንም እየፈታሁ ነው። ከጎኔ ተቀምጣ በጣቷ ታሳየኛለች። እዚህ ጋ... እዚህም ጋ... ያንን ዘለልከው...

አንድም አላመለጣት።