መስኡዳን የሚያናግርልኝ ሰው

መጋቢት 5፣ 2014
ሱቅ ከፈትኩ። ከሐይቁ በኩል ንፋስ ነበር፤ የሰቀልኩትን ልብስ ሲያወርድ ዋለ። ባለቤቴ መስኡዳ ሪታጅን አስከትላ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ከዚያ የባጃጅ ጎማ ፈነዳ። ጎማ ብቻ... ሳህኑን ጥላ ሮጠች። ልጃችን አስፋልቱ መሀል ቆማ ቀረች። ሮጬ አነሳኋት። መስኡዳን ከሱቁ ጀርባ አገኘኋት፤ ጆሮዋን ይዛ፣ ጥቅልል ብላ።

መጋቢት 6
«ሪታጅን ውጫሌ እናትህ ዘንድ ውሰዳት» አለችኝ። «ልጅ ለኔ አይታመንም።»
«አራት ዓመቷ ነው እኮ።»
«ስለዚህ ነዋ።»
ልጅቷን አልወስድም። እናቷን ግን ምን ላድርግ? ጦርነቱ ከከተማው ወጥቷል ይላሉ። ከኛ ቤት መቼ ይሆን የሚወጣው?

መጋቢት 10
የሰፈራችን ሸይኽ መጥተው ዱዓ አደረጉላት። ሲወጡ ወደ ጎን ጠሩኝ። «ዱዓውን አንተውም፤ አንተ ግን ሐኪም ፈልግ፣ ልጄ። ሰበቡን ማድረስ ያንተ ፋንታ ነው።» እኔ ደግሞ ሐኪም ብል ይቆጡኛል ብዬ...

መጋቢት 16
ደሴ፣ የግል ክሊኒክ። ክፍያው ከአቅማችን በላይ፤ ያውም በየሳምንቱ ኑ ነው የሚሉት። መስኡዳ ሰማች። «ተነስ እንሂድ።» እስከ ከተማችን ሐይቅ ድረስ እጄን አልለቀቀችም።

መጋቢት 22
የሚኒባሱ ሹፌር ኡስማን ሱቅ ገባ። ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው፣ ዛሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ሙሄ፣ ውጫሌ ጤና ጣቢያ ለአእምሮ የሰለጠነ ነርስ አለ። አራጋው ይባላል። ቁጭ ብሎ ያናግራል። ከካርድ በቀር አትከፍልም።»
«ማን ነገረህ?»
«እኔው ነኛ የምሄደው። ከጥቅምቱ ጦርነት ወዲህ መሪ መያዝ እፈራ ነበር።»
ኡስማን! ሻይ አዘዝኩለት።

መጋቢት 23
ስለ አራጋው ነገርኳት። «እብድ ነሽ ልትለኝ ነው?»
«ደክሞሻል ነው የምልሽ።»
የሪታጅን ልብስ አጣጥፋ ጨረሰች። ከዚያ... «አብረኸኝ ትገባለህ?»

መጋቢት 26
ውጫሌ። እናቴ ሪታጅን ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ይዛልን ቆየች። አራጋው ወጣት ነው፤ አይቸኩልም።
በጥቅምት እኔ ዕቃ ላመጣ ኮምቦልቻ ሄጄ መንገድ ተዘግቶብኝ ነበር። መስኡዳና ሪታጅ ከጎረቤት ጋር ጓዳ ተደብቀው... ይህን አውቃለሁ። የቀረውን ዛሬ ሰማሁ። «ውጭ ኮቴ ይሰማል። ሪታጅ አለቀሰች። አፏን በእጄ አፈንኩት። እጄን ሳነሳ ዝልፍልፍ አለች... የገደልኳት መሰለኝ። ነቃች፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ልነካት እፈራለሁ።»
ይህን ሁሉ ወር አጠገቧ ተኝቼ...
አራጋው ብዕሩን አስቀመጠ። «እህቴ፣ አሁን ልጅቷ ምን እየሠራች ነው?»
መስኡዳ በመስኮት አየች። «ትሮጣለች» አለች። እንደገና፣ «ትሮጣለች።» እንባዋ መጣ። የኔም።

ሚያዝያ 24
ዒድ። ሪታጅን ራሷ አጠበቻት። መጀመሪያ በጣቷ ጫፍ፣ ከዚያ በሙሉ እጇ። በር ላይ ቆሜ ሳይ፣ «ምን ታያለህ? ፎጣ አምጣ እንጂ!» ተቆጣችኝ። አልሀምዱሊላህ።

ግንቦት 11
ክፉ ቀን። ከባድ መኪና አንጓጓ፤ ጓዳ ገብታ እስከ ማታ አልወጣችም። አራጋው ነግሮን ነበር፤ ፍርሃቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሰኔ 6
ጎረቤታችን ዙሌይካ ልጇ በጦርነቱ ከሞተ ወዲህ ከቤት አትወጣም ነበር። ዛሬ ጠዋት መስኡዳ ሄዳ ይዛት ወጣች። «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ አብሬሽ እገባለሁ» ስትላት ሰማሁ። ሪታጅንም አስከትለው፣ ውጫሌ አራጋው ዘንድ ሊሄዱ የኡስማን ሚኒባስ ውስጥ ገቡ።
«እኔስ?» አልኩ።
«ሱቁን ማን ይከፍታል?»
ሄዱ። ሪታጅ በመስኮት እጇን ታወዛውዛለች፤ እናቷ ወገቧን አቅፋ ይዛታለች። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ... አንዱ አላፊ፣ «ሙሄ፣ ብቻህን ምን ያስቅሃል?» አለኝ።