ለሥራ አቤቱታዬ ሽማግሌ ለላኩብኝ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ሚስባህ፣
መርሳ ላይ ለሴት ተማሪዎች የንጽህና መጠበቂያ የሚሰፋው ማኅበራዊ ድርጅት መሥራችና ሥራ አስኪያጅ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ ድርጅትዎንም ያሳድግልዎ፤ እድገቱም ለሠራተኛው እንዲተርፍ ዱዓ እያደረግሁ፣ ነገሩ ወደተበላሸበት ቅጽበት ልመልስዎት።

ባለፈው እሑድ ረፋድ፣ ጋቢያቸውን የደረቡ ሦስት ሽማግሌዎች ውርጌሳ፣ ከአባቴ ደጅ ቆሙ። እናቴ ልጃቸው የታጨች መስሏቸው እልል ሊሉ ጥቂት ነበር የቀራቸው። እንግዶቹ ግን የመጡት፣ ለእርስዎ የጻፍሁትን የሥራ አቤቱታ እንድተው አባቴ እንዲገሥጹኝ ለመለመን ኖሯል። ወልድያ ላይ አስተዳደር ስማር የሠራተኛ ቅሬታ እንደ ጋብቻ በሽማግሌ እንደሚያልቅ ማንም አልነገረኝምና፣ ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

አቤቱታዬ ቢጠፋብዎ እነሆ እደግመዋለሁ፤ የእሑዱንም እጨምርበታለሁ።

፩ኛ፦ ረሂማ ድርጅቱ በአንዲት የኪራይ ክፍል ሲጀመር ጀምሮ ስትሰፋ የኖረች ናት። አራስ ሳለች እርስዎ የስፌት መኪናዋን ለሌላ ሰጥተው፣ ስትመለስ «አንቺ ልጅሽን አሳድጊ» ብለው ሸኟት። ሴት ልጅ ከትምህርቷ እንዳትቀር የሚደክም ድርጅት እናትን ከሥራዋ የሚያስቀርበት ጥበብ፣ ለእኔ ቢጤዋ ገና አልተገለጠም።

፪ኛ፦ የወሊድ ፈቃድ፣ የስንብትና የቅሬታ ደንብ በጽሑፍ ይውጣልን ብል፣ «እኛ ቤተሰብ ነን፤ ቤተሰብ ደንብ አይጻጻፍም» አሉኝ። ወልድያ ላይ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ስንከፍትም መልስዎ ይኸው ነበር። እኔ ግን ልጅ ስለተወለደ እናቲቱን የሚያባርር ቤተሰብ በወረዳችን በሐብሩም በወልድያም አላየሁም።

፫ኛ፦ ሽማግሌዎችዎን አባቴ በክብር አስተናግደው፣ «ልጄ የጠየቀችው የጓደኛዋን እንጀራ ነው፤ ምን ብዬ ልከልክላት?» ብለው ሸኝተዋቸዋል። መልሱ ሳይደርስዎ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ነው።

ከእንግዲህ የሥራ ጉዳዬ በአባቴ ደጅ እንዲፈታ አልቀበልም። «ቤተሰብ» የሚለው ቃል በደንብ ፋንታ ሲሰጠኝ አልቀበልም። ረሂማ መኪናዋ ላይ ሳትቀመጥ፣ ደንቡም ተጽፎ ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ሳይለጠፍ ዝም በይ መባልን፣ ከእርስዎም ሆነ ከሽማግሌ፣ አልቀበልም።

እንደ ልጅዎ ሳይሆን እንደ ሠራተኛዎ የማከብርዎት፣
ነሲባ ኢዘዲን
ደንብ አልባው የሰው ኃይል ክፍል ብቸኛ ባለሙያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላኳቸው ሽማግሌዎች ታላቁ ሲወጡ ነጠል አድርገው አነጋገሩኝ። ልጃቸው እርስዎ ዘንድ እንደምትሰፋ፣ እርጉዝም እንደሆነች ነግረውኝ፣ «አደራሽን፣ አቤቱታውን እንዳትተዊው» ብለውኛል።